ፕሮሰሰር ስንት ቮልት ይበቃዋል?

ኮምፒውተሩን ኦቨርክሎክ ያደረገ (ከፋብሪካው ፍጥነት በላይ እንዲሮጥ ያስተካከለ) ሰው ሁሉ ውሎ አድሮ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ስንት ቮልት ልስጠው? መልሱን ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው ከሰው ነው። ያንኑ ፕሮሰሰር የገዛ ጓደኛው «እኔ 1.30 ላይ አስቀምጬው ምንም አላለኝም» ይለዋል፤ እሱም ባዮስ ውስጥ ገብቶ 1.30 ይሞላል። ሰነባብቶ ቪዲዮ ኤክስፖርት እያደረገ ሳለ ስክሪኑ ሰማያዊ ይሆናል፣ ወይም ማሽኑ ሳያስጠነቅቅ ድርግም ይላል። ጥፋቱ የማን ነው? የፕሮሰሰሩ? የፓወር ሰፕላዩ? የመስመሩ? ወይስ የጓደኛው ቁጥር?

ጥያቄውን ከአዲስ አበባው ጦር ኃይሎች ሰፈር ሆኜ ማየት የመረጥኩት በምክንያት ነው። ቮልቴጅ የሚረጋው በሆነ ክፍል ውስጥ፣ በሆነ አየር፣ ከሆነ ሶኬት ላይ ነው። ታይፔ ወይም በርሊን ውስጥ የተለካ ቁጥር እዚህ ሲደርስ ከከፍታችንና ከመስመራችን ጋር ይጋጫል። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ የተረጋጋ ቮልቴጅ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ማሽን ላይ ፈልጎ የሚያገኘው ነገር ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ፍለጋው ወደ ላይ ከሚሆን ወደ ታች ቢሆን ለአብዛኛው ሰው ይበጀዋል።

በቅድሚያ ቮልቴጁ ምን እንደሚሠራ እንይ። ፕሮሰሰር ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ትራንዚስተሮች አሉ። 4 ጊጋኸርዝ ማለት ለአንዱ ዙር ሥራ የተፈቀደው ጊዜ 0.25 ናኖሰከንድ ብቻ ነው ማለት ነው። ፍጥነት ስንጨምር ይህችን ጊዜ እናሳጥራታለን፤ ምልክቱ በተቆረጠለት ጊዜ ካልደረሰ 1 መሆን የነበረበት 0 ሆኖ ይነበባል። ቮልቴጅ ሲጨመር ትራንዚስተሩ ይፈጥናል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፍጥነት፣ ከሱ በታች ከወረዱ ስሌቱ የሚሳሳትበት ወለል አለ፤ የተረጋጋ የምንለውም ከዚህ ወለል ጥቂት ከፍ ብሎ የተቀመጠውን ነው። ወለሉ ከቺፕ ቺፕ ይለያያል። ከአንድ የሲሊከን ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን የተቆረጡ ሁለት ቺፖች እንኳ እኩል አይደሉም። ፋብሪካው ይህን ስለሚያውቅ እያንዳንዱን ቺፕ ለክቶ የራሱን የቮልቴጅ መጠን ውስጡ ይጽፍበታል። የጓደኛ ቁጥር የማያዋጣበት የመጀመሪያው ምክንያት ይኸው ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ባዮስ ላይ የሞላነው ቁጥር ፕሮሰሰሩ ጋ የሚደርሰው ቁጥር አለመሆኑ ነው። ለምን እንደሆነ ባቡሩ ያሳየናል። ጦር ኃይሎች ከአያት የሚመጣው የቀላል ባቡር መስመር የሚያበቃበት ጣቢያ ነው። ባቡሩ ከበላዩ ከተዘረጋው ሽቦ የሚስበው 750 ቮልት ዲሲ ነው። ቮልቱ ከፍ ያለው በከንቱ አይደለም፤ ያንኑ ኃይል በትንሽ ቮልት ለማድረስ ቢሞከር ሽቦው የሚሸከመው አምፔር እጅግ በዝቶ ኃይሉ መንገድ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀር ነበር። ፕሮሰሰር ግን ይህን ምርጫ አልታደለም። ዛሬ ዛሬ የሚሠራው ከ1 ቮልት ብዙም በማይርቅ ቮልቴጅ ነው። 150 ዋት የሚበላ ፕሮሰሰር በ1.2 ቮልት 125 አምፔር ይስባል ማለት ነው። ያው ኃይል ከግድግዳው ሲወጣ በ220 ቮልት አንድ አምፔር አይሞላም። የቤታችን የሶኬት ብሬከር 16 አምፔር ከሆነ፣ ማዘርቦርዱ ላይ በጥቂት ሴንቲ ሜትር መዳብ ውስጥ የሚያልፈው ከሱ ሰባት እጥፍ በላይ ነው።

በዚህ ሁሉ አምፔር መንገድ ላይ የአንድ ኦም አንድ ሺኛ ብቻ ብትኖር እንኳ 0.125 ቮልት ትበላለች። ባዮሱ ላይ 1.30 የተሞላው ማሽን ሥራ ሲበዛበት 1.20 አካባቢ የሚታየው ለዚህ ነው። መቀነሱ ብልሽት አይደለም። ጭነቱ ድንገት ሲለቀው ቮልቴጁ ወደ ላይ ተስፈንጥሮ ቺፑን እንዳይጎዳው ሆን ተብሎ የተተወ ክፍተት ነው። ይህን ክፍተት የሚያጠብ ማስተካከያ በአብዛኞቹ ማዘርቦርዶች ላይ አለ፤ ሎድ ላይን ካሊብሬሽን ይሉታል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። መለኪያውን ከፍ ባደረገው ቁጥር መረጋጋት ይጨምራል ብሎ እስከ ጥግ ይወስደዋል። እስከ ጥግ ሲሄድ ጭነቱ በለቀቀ ቅጽበት ቮልቴጁ ከሞላነው በላይ ይዘላል፤ ያን ዝላይ ደግሞ ስክሪን ላይ የምናየው መከታተያ ፕሮግራም አይደርስበትም፣ ለማየት ኦሲሎስኮፕ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ደረጃዎቹ ከአምራች አምራች የተገላበጡ ናቸው፦ በአሱስ ሰሌዳዎች 8 ጠንካራው ሲሆን በኤምኤስአይ ጠንካራው 1 ነው። የሌላ ሰው «ሌቭል 4» ያንተ ሰሌዳ ላይ ምን ማለት እንደሆነ ሳታውቅ አትንካው። መካከለኛው ደረጃ ላይ ትቶ ጥቂት ሚሊቮልት መጨመር ከሁሉም ይሻላል።

የቮልቴጅ ዋጋው ምን ያህል ነው? የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል፣ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬው ይጨምራል። በ4.0 ጊጋኸርዝና በ1.10 ቮልት የሚሠራ ቺፕ እንውሰድ። ወደ 4.4 ለማድረስ 1.25 ቮልት ከጠየቀ፣ 10 በመቶ ፍጥነት ለማግኘት 42 በመቶ ተጨማሪ ኃይል ከፈልን ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሙቀት ይሆናል። በተቃራኒው ያንኑ 4.4 በ1.25 ፈንታ በ1.15 መያዝ ከቻለ፣ ፍጥነቱ ሳይነካ 15 በመቶ ያህል ይድናል። በዚህ ስሌት ውስጥ ጠቅላላው ጉዳይ አለ፤ ወለሉን በትዕግሥት የሚፈልግና በግምት ከፍ አድርጎ የሚሞላ ሰው ልዩነታቸው የዚህን ያህል ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1998 ኢንቴል ያወጣው ሴለሮን 300ኤ የባሱ ፍጥነት ከ66 ወደ 100 ሜጋኸርዝ ሲቀየር ከ300 ዘሎ 450 ይደርስ ነበር፤ ያውም ብዙዎቹ ቮልቴጅ ሳይነካባቸው። አንድ ተኩል እጥፍ ማለት ነው። በ2011 የመጣው ኮር አይ7-2600ኬ ከ3.4 ተነስቶ 4.5 ጊጋኸርዝ መድረሱ የተለመደ ነበር። ዛሬ ግን ያ ትርፍ ቦታ የለም ማለት ይቻላል፤ ፋብሪካው ራሱ ቺፑን እስከ አቅሙ ጫፍ እየገፋ ይሸጠዋል። ከ1974 ጀምሮ ሮበርት ዴናርድና ባልደረቦቹ ባሳዩት መንገድ ትራንዚስተር ባነሰ ቁጥር ቮልቴጁም አብሮ ይወርድ ነበር፤ ይህ ጉዞ በ2000ዎቹ አጋማሽ ላይ ቆመ። ቮልቴጁ 1 ቮልት አካባቢ ላይ ተገትሮ ቀረ። አሁን ኦቨርክሎክ የሚያደርግ ሰው የሚያገኘው ጭማሪ ጥቂት በመቶ ነው። ወጪው ግን እንደ ድሮው ነው፣ እንዲያውም ይብሳል።

ስለ ጉዳቱ ግልጽ መሆን ይገባል። ከፍ ያለ ቮልቴጅና ሙቀት ሲደራረቡ የኤሌክትሮን ጎርፉ በቺፑ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የብረት መስመሮች አተም በአተም ይሸረሽራቸዋል፤ ጄምስ ብላክ ይህን ሂደት በቀመር ያስቀመጠው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። ትራንዚስተሩም በራሱ መንገድ ያረጃል። ምልክቱ ቶሎ አይታይም። ለወራት በ1.25 ሲሠራ የቆየ ማሽን አንድ ቀን በ1.25 አልሠራም ይላል፣ 1.27 ይጠይቃል፣ ከዚያ 1.30። ወለሉ ራሱ ከፍ እያለ ነው ማለት ነው። ይህ የጀማሪዎች ታሪክ ብቻ እንዳይመስል፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ቺፖች ማንም ሳይነካቸው እንዲህ ሆነው ተገኝተዋል። ኩባንያው እንደገለጸው ችግሩ ከፍ ባለ ቮልቴጅና ሙቀት የቺፑ ዝቅተኛ የመሥሪያ ቮልቴጅ ወደ ላይ መሸሹ ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ አካባቢ በወጣው እርማት ከ1.55 ቮልት በላይ የሚጠየቅ ቮልቴጅ ታገደ፣ ዋስትናውም በሁለት ዓመት ተራዘመ። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ አንዳንድ የኤኤምዲ ራይዘን 7000 ቺፖች ከነሶኬታቸው ተቃጥለው ነበር፤ እዚያም ምክንያቱ ከፕሮሰሰሩ ክፍሎች ወደ አንዱ የሚሄደው ቮልቴጅ ከልክ ማለፉ ሲሆን ኤኤምዲ በ1.3 ቮልት ገደበው። የሠራው ፋብሪካ ራሱ ሊሳሳት ከቻለ፣ «አውቶ» የሚለው የባዮስ ምርጫ የሚሰጠውን ቮልቴጅ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያዩ ማለፍ አይገባም።

እዚህ ዋጋውም ሌላ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ በብር ሲመነዘር ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። አንድ ፕሮሰሰር አቃጥሎ ሌላ መግዛት ሌላ አገር ላለ ሰው የሳምንት ደሞዝ ሊሆን ይችላል፤ ጦር ኃይሎች ላይ ሬንደር እየሠራ ለሚያድር ወጣት ግን ሥራውን ማቆም ማለት ነው። ጥንቃቄ የማበዛው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ አየሩ እንምጣ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት ባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ማራገቢያው የሚዞረው በዚያው ፍጥነት ነው፣ ድምፁም ብዙ አይለወጥም፤ የሚገፋው አየር ግን በክብደት ሩብ ያህል ጎድሎበታል። ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው ደግሞ የአየሩ ክብደት ነው። ስለዚህ ሌላ አገር 75 ዲግሪ አሳየ የተባለ ኩለር እዚህ፣ ክፍሉ እኩል ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ፣ ከዚያ በላይ ያሳያል። ውኃ ማቀዝቀዣም ከዚህ አያመልጥም፤ ውኃው ሙቀቱን ከቺፑ ወስዶ የሚያስረክበው ለዚያው ስስ አየር ነው። በሌላ በኩል የከተማችን ቅዝቃዜ ያግዘናል። በክረምት ሌሊት የክፍሉ ሙቀት ከ20 በታች ሲሆን፣ ኮምፒውተር ከዚህ የተሻለ ምን ይፈልጋል? ድሬዳዋ አየሩ ወፍራም ቢሆንም ቀኑ ይቃጠላል፤ የዚያ ሰው ሒሳብ ሌላ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሰዓት በኋላ የሚሠራ የጦር ኃይሎች ሰው ግን ሁለቱንም አጣምሮ ይቀበላል፦ ስስ አየርና ሙቅ ክፍል። ቺፕ በሞቀ ቁጥር ደግሞ ለዚያው ፍጥነት የሚፈልገው ቮልቴጅ አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ይላል፣ የሚያፈሰው ኃይልም ይጨምራል። ስለዚህ ሌሊት የተገኘ ቮልቴጅ ለቀን ላይበቃ ይችላል።

ከዚያ መስመሩ አለ፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ከሁሉ በላይ ስህተት የሚሰማውም ስለሱ ነው። «መብራቱ ስለሚዋዥቅ ኦቨርክሎክ አይረጋም» ይባላል። ነገሩን ከፋፍለን ካላየነው ትክክል አይደለም። ከሶኬቱ የሚመጣው 220 ቮልት ቀጥታ ወደ ፕሮሰሰሩ አይሄድም። ፓወር ሰፕላዩ ወደ 12 ቮልት ዲሲ ይለውጠዋል፣ የማዘርቦርዱ የኃይል ክፍል ደግሞ ያንን 12 ወደ 1 ቮልት አካባቢ ያወርደዋል። ከ100 እስከ 240 ቮልት እንዲቀበል የተሠራ ደህና ፓወር ሰፕላይ መስመሩ 180 ቢወርድ 12ቱን አያናውጥም። 12ቱ ከ11.4 እስከ 12.6 ባለው ውስጥ እስካለ ድረስ መደበኛ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ጋ የሚደርሰው ቮልት የሚወሰነው በማዘርቦርዱ ነው።

ችግሩ ያለው የመስመሩ ዝቅ ማለት ላይ ሳይሆን መቆራረጡ ላይ ነው። ኤቲኤክስ የተባለው የዴስክቶፕ ደረጃ ፓወር ሰፕላይ ኃይል ሲቋረጥበት ቢያንስ ለ16 ወይም ለ17 ሚሊሰከንድ ራሱን ችሎ እንዲቆይ ይጠይቃል። በ50 ኸርዝ መስመር አንድ ዙር 20 ሚሊሰከንድ ነው። አንድ ዙር ብቻ ቢጎድል፣ ማለትም አምፖሉ በዓይን ቅጽበት ብልጭ ቢል፣ ሙሉ ጭነት ላይ ያለ ማሽን ሊጠፋ ይችላል። ርካሽና ያረጀ ፓወር ሰፕላይ ያን 16 እንኳ አይደርስም። ኦቨርክሎክ የተደረገ ማሽን ደግሞ የሚስበው ኃይል ስለበዛ፣ ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያለው ክምችት ቶሎ ያልቃል። ባለቤቱ ይህን አይቶ «ቮልቴጅ አንሶታል» ብሎ ይጨምራል። ቮልቴጅ ሲጨምር ኃይሉ ይበዛል፣ መጥፋቱም ይብሳል። በማያስፈልግ ቮልቴጅ የተጎዱ ቺፖች መንገዳቸው እንዲህ ነው።

ለዚህ የሚሆን መለያ አለ። ማሽኑ ሰማያዊ ስክሪን ሳያሳይ ድርግም ብሎ ከጠፋ፣ ከሁሉ በፊት የክፍሉን አምፖልና የጎረቤቱን ቴሌቪዥን መጠየቅ ነው። ዊንዶው ውስጥ ያለው የክስተት መዝገብ ላይ «ከርነል ፓወር 41» የሚለው ማሽኑ በሥርዓት ሳይዘጋ እንደጠፋ ብቻ ይናገራል፤ መብራት ቢሄድም፣ ቺፑ ቢሳሳትም ያንኑ ይጽፋል። «ዊያ» በሚል ስም የሚመዘገበው ግን ፕሮሰሰሩ ራሱ ያመለከተው የሃርድዌር ስህተት ነው፤ ቁጥር 19 የታረመ ስህተት፣ ቁጥር 18 ያልታረመ። 19 እየተደጋገመ ከታየ ማሽኑ ገና ባይጠፋም ብዙውን ጊዜ ቮልቴጁ ወለሉ ጫፍ ላይ ነው። ይህን መዝገብ ማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ብዙ ሰው ግን ሳያየው ዊንዶው ያስጭናል።

ስታቢላይዘር ለዚህ ያግዛል? ለዝቅታና ለከፍታ አዎ፣ ለመቆራረጥ አያግዝም። ቀጭ የሚለው ዓይነት ቮልት ለማስተካከል ማብሪያውን ሲቀያይር ራሱ ለጥቂት ሚሊሰከንድ ያቋርጣል። ዩፒኤስ ግን የተለየ ነው፤ ወደ ባትሪ ለመዞር የሚፈጅበት ጊዜ በተለመዱት ከ10 ሚሊሰከንድ ስለማይበልጥ ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ይታገሠዋል። በእኔ እምነት አዲስ አበባ ላይ ኦቨርክሎክ ለማድረግ ያሰበ ሰው ውድ ኩለር ከመግዛቱ በፊት ዩፒኤስ መግዛት አለበት። ለፍተሻው ብቻ አይደለም። ከላይ የጠቀስኳቸው የኢንቴልና የኤኤምዲ እርማቶች የሚገቡት በባዮስ ማደሻ ነው፤ ባዮስ እየታደሰ ሳለ መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱ ተመልሶ ላይነሳ ይችላል። አዲሱ ግድብ መቆራረጡን አያስቀርም ወይ የሚል ይኖራል። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ለአገሪቱ ታላቅ ነገር ነው። ከትራንስፎርመሩ እስከ ቤታችን ያለውን አሮጌ ሽቦና ልል ማያያዣ ግን የግድቡ ኃይል አያጠብቀውም። አንድ ነገር በዚሁ ልጨምር፦ ኬሱን ሲነኩት የሚነዝር ከሆነ ሶኬቱ አርዝ የለውም ማለት ነው። ያ ከቮልቴጅ ፍለጋ በፊት በኤሌክትሪሺያን መታረም ያለበት የደኅንነት ጉዳይ ነው።

እንግዲህ ፍለጋው። ሜዳውን በማጥራት ይጀመራል፦ ባዮሱ ወደ ነባሩ ይመለስ፣ የራሙ ፍጥነት ማሳደጊያም ለጊዜው ይጥፋ። ራም ስህተት ሲሠራ የፕሮሰሰር ስህተት ይመስላልና ሁለቱን በአንድ ላይ የሚፈልግ ሰው የትኛው እንደበደለ አያውቅም። ራሙን ሜምቴስት86 በሚባለው ፕሮግራም ለብቻው አሳድሮ መፈተሽ ነው። ከዚያ ማሽኑ በነባሩ ሁኔታ በሙሉ ጭነት የሚያሳየውን ቮልቴጅ፣ ሙቀትና የዋት መጠን ኤችደብሊው ኢንፎ በሚባለው መከታተያ ፕሮግራም አይቶ ወረቀት ላይ መጻፍ። ወረቀት ያልኩት በምክንያት ነው፤ ማሽኑ ሲጠፋ ወረቀቱ አይጠፋም።

ቀጥሎ ፍጥነቱ በ100 ሜጋኸርዝ ይጨመራል፤ ቮልቴጁ ሳይነካ። ከሠራ ሌላ 100። ያልቻለበት ጋ ሲደርስ ቮልቴጁ በ10 ወይም በ20 ሚሊቮልት ከፍ ይላል። እያንዳንዱ እርምጃ አጭር ፍተሻ ያገኛል፣ ሃያ ደቂቃ ያህል። ቀስ ብሎ መሄዱ አሰልቺ ነው፤ ነገር ግን 50 ሚሊቮልት በአንዴ የዘለለ ሰው ወለሉ የት እንደነበረ አያውቅም፣ ያላስፈለገውን ሙቀት ለዘላለም ይከፍላል። የሙቀቱ ገደብ ሲቀርብ፣ ለምሳሌ 100 ዲግሪ ላይ ራሱን የሚገታ የኢንቴል ቺፕ ሙሉ ጭነት ላይ 85 ካለፈ፣ እዚያ ማቆም ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ክፍተት ለመጋቢት ሙቀት እንተወዋለን። ፍጥነቱ ከተወሰነ በኋላ መንገዱ ይገለበጣል፦ ማሽኑ እስኪሳሳት ድረስ ቮልቴጁን በ10 ሚሊቮልት ማውረድ። የተሳሳተበት ወለሉ ነው። ከሱ 20 ወይም 30 ሚሊቮልት ከፍ አድርጎ መተው ለእርጅናም፣ ለአቧራም፣ ለሞቃት ቀንም ይበቃል።

ቮልቴጁን የምንሰጥበት መንገድም ይለያያል። ቋሚ ቁጥር መሙላት ለፍለጋው ቀላል ነው፤ ለዘወትር ግን ማሽኑ ሥራ ፈትቶ ሳለም ያን ቮልት ይሸከማል። ኦፍሴት የሚባለው ፋብሪካው በጻፈው ሠንጠረዥ ላይ መደመር ወይም መቀነስ ነው፤ ፍጥነቱ ሲወርድ ቮልቴጁም አብሮ ይወርዳል። ፍለጋውን በቋሚ ጀምሮ በኦፍሴት መጨረስ የተሻለው መንገድ ይመስለኛል።

«ይሠራል» የሚለውን ቃል ማን ይፈቅዳል? እዚህ ላይ ሰዎች አይስማሙም፣ ክርክሩም እውነተኛ ነው። አንዱ ወገን ፕራይም95 ሌሊቱን ሙሉ ካልተሸከመ አልረጋም ይላል። ይህ ፕሮግራም መርሴን የሚባሉ ትልልቅ ዋና ቁጥሮችን ለመፈለግ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ጆርጅ ወልትማን የሠራው ነው፤ የስሌቱ መልስ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ትንሿን ስህተት ይይዛል። ጭነቱ ግን ከማንኛውም የቪዲዮ ሥራ በላይ ነው፣ ሙቀቱም እንደዚያው፤ ለሱ ሲባል የተጨመረ ቮልቴጅ ለሌላው ሥራ ትርፍ ነው። ሌላው ወገን የምሠራበትን ሥራ ከተሸከመ ይበቃኛል ይላል። ለጨዋታ ብቻ የሚጠቀም ሰው ይህን ቢል አልቃወመውም። የሰው ሠርግ ቪዲዮ ወይም የሕንፃ ስሌት ለሚሠራ ግን አይሆንም፤ ማሽኑ ሳይጠፋ በዝምታ ሊሳሳት ይችላል፣ የተበላሸው ፋይል የሚታወቀው ደንበኛው ሲከፍተው ነው። ለኔ ሚዛኑ እንዲህ ነው፦ ኦሲሲቲ የሚባለው የፍተሻ ፕሮግራም ወይም ፕራይም95 ለጥቂት ሰዓት፣ ከዚያ የራስን ከባድ ሥራ ደጋግሞ ማስኬድ፣ ከዚያ የክስተት መዝገቡን ማየት።

በተለይ ራይዘን ላላቸው አንድ ወጥመድ አለ። ከርቭ ኦፕቲማይዘር በሚባለው መንገድ ቮልቴጅ ሲቀነስ ማሽኑ ሙሉ ጭነትን ሌሊቱን ተሸክሞ፣ ጠዋት ላይ ሥራ ፈትቶ ሳለ ሊወድቅ ይችላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ሁሉም ኮር ሲሠራ ፍጥነቱ ዝቅ ይላል፤ አንድ ኮር ብቻ ሲነሳ ግን ወደ ከፍተኛው ፍጥነት ይወጣል፣ እዚያ ላይ የተቀነሰው ቮልቴጅ ያጥረዋል። ስለዚህ እያንዳንዱን ኮር በየተራ መፈተን ያስፈልጋል፤ ኮርሳይክለር የሚባለው ፕሮግራም ይህን ያደርጋል። ደግሞም ቺፑ ቮልት ሲያንሰው ከመውደቅ ይልቅ ዙሩን እያስረዘመ ሊያዘግም ይችላል፤ ስክሪኑ 4.8 ይላል፣ ሥራው ግን ቀንሷል። የሚታመነው ሲኒቤንች በሚባለው የፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም የሚወጣው ውጤት ነው።

ወደ ታች መፈለግን መርጬ የተናገርኩት ይህን ሁሉ አይቼ ነው። ፍጥነቱን በፋብሪካው መጠን ትቶ ቮልቴጁን ብቻ ወደ ወለሉ ማውረድ ሙቀቱን ይቀንሳል። ሙቀቱ ሲቀንስ ዘመናዊ ቺፕ በራሱ ከፍ ባለ ፍጥነት ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ ፍጥነት ሳንጨምር ፍጥነት እናገኛለን። ስሱ አየር ያሳጣንን በዚህ እንመልሳለን፣ ዩፒኤሱም መብራት ሲሄድ ጥቂት ደቂቃ ይጨምራል። በዚህች አገር ይህን ከሚያደርጉት መካከል ቢትኮይን አውጪዎች አሉበት። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ከ21 አውጪ ኩባንያዎች ጋር ውል እንዳለው ተዘግቦ ነበር፤ ከሁለቱ በቀር ሁሉም የቻይና ነበሩ። የነሱ ማሽን ቺፖች ግማሽ ቮልት በማይሞላ ቮልቴጅ የሚሠሩ ሲሆን፣ ትርፍና ኪሳራቸው ለአንድ ስሌት በሚወጣው ኃይል ይለካል። ስለዚህ ፍጥነትንና ቮልቴጅን ማመዛዘን ለነሱ የዕለት ሥራ ነው። የኤሌክትሪክ ዋጋ የሚያሳስበው የቤት ተጠቃሚም ከዚህ የሚወስደው አለ።

ቮልቴጅ መቀነስ ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። በታኅሣሥ 2019 እ.ኤ.አ. ፕላንደርቮልት የተባለ የደኅንነት ክፍተት ይፋ ከሆነ በኋላ ኢንቴል በሶፍትዌር ቮልቴጅ የመቀነሻውን መንገድ በብዙ ማሽኖች ላይ አዘግቷል። ከቢሮ የወጡ ያገለገሉ ዴልና ኤችፒ ዴስክቶፖችም ባዮሳቸው በአብዛኛው ይህን አይፈቅድም፤ ፕሮሰሰሮቻቸውም በአብዛኛው ኬ የሚል መለያ ስለሌላቸው የኢንቴሎቹ የፍጥነት ማባዣ ተቆልፏል። በኤኤምዲ በኩል ራይዘን ቺፖቹ ክፍት ቢሆኑም ኤ320 ማዘርቦርድ ላይ ከተቀመጡ ያው ነው። ገበያ ላይ ሰው እየሸጠ «ኦቨርክሎክ ይደረጋል» ሲል የፕሮሰሰሩን ስም ብቻ አይቶ ማመን አይገባም፤ የማዘርቦርዱን ስም ጠይቁ።

ለተቆለፈ ማሽን ባለቤት የሚቀረው ግን ጥቂት አይደለም። በቺፑና በኩለሩ መካከል ያለውን፣ ዓመታት ያስቆጠረ የደረቀ ፔስት መቀየርና የኩለሩን አቧራ ማውጣት ብቻውን ብዙ ዲግሪ ሊያወርድ ይችላል፤ ሙቀት ሲወርድ የተገታው ፍጥነት ይመለሳል። የማዘርቦርዱን ክብ ባትሪም መቀየር አይረሳ። ሌሊት ዲቫይደሩን አጥፍቶ የሚተኛ ሰው፣ ወይም መብራት የሚሄድበት፣ ያ ባትሪ ከሞተ ባዮሱ ላይ የደከመበት ቁጥር ሁሉ ጠዋት ጠፍቶ ወደ ነባሩ ተመልሶ ያገኘዋል፤ ማሽኑ «ሳይነካ» ባህሪውን ቀየረ የሚባለውም ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

አንድ ጊዜ የተገኘ ቮልቴጅ ለሁልጊዜ አይደለም። ባዮስ ከታደሰ በኋላ እንደገና ይፈተሽ፤ አዲሱ ባዮስ የሎድ ላይኑን ባህሪ ሊለውጠው ይችላልና። ኩለር ተነቅሎ ከተመለሰም እንዲሁ። ዓመቱ ሲዞር ደግሞ ፍተሻውን በሐምሌ ዝናብ ሳይሆን በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ፣ መስኮቱ እንደ ዘወትሩ ሆኖ፣ ኬሱም ተከድኖ ማድረግ ነው። ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው በላይ 10 ወይም 20 ሚሊቮልት ከጠየቀ ፍጥነቱን በ100 ሜጋኸርዝ ዝቅ አድርጎ ቮልቴጁን ባለበት መተው።